መጋረጃው ነጭ ነው ወይስ ቢጫ?

«ኢል ጋቶፓርዶ»ን አራት ጊዜ ገዝቼዋለሁ። አንድ ፊልም ነው፣ አራት ጊዜ። ሮም ውስጥ ቤት ተጋርቶኝ የሚኖረው ልጅ ሦስተኛውን ይዤ የገባሁ ቀን ዲስኩን ተቀብሎኝ አገላብጦ አየና «ይሄኛው መጨረሻው ይለያል እንዴ?» አለኝ። አይለይም። የፊልሙ ዋና ሰው፣ ልዑሉ፣ አራቱም ላይ ያረጃል፣ አራቱም ላይ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ጨለማ መንገድ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። የሚለየው መጋረጃው ነው አልኩት። ሳቀብኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ነገሩን ላስረዳ። ፊልሙ ሉኪኖ ቪስኮንቲ በ1963 ያወጣው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ካልሆነ እናገራለሁ)። ታሪኩ ሲሲሊ ውስጥ ነው፤ በ1860 ጣልያንን አንድ አገር ለማድረግ የዘመተው ጋሪባልዲ ቀይ ሸሚዝ ለባሾቹን ይዞ ሲደርስ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ የልዑሉ ቤተሰብ ተንበርክኮ መቁጠሪያ ይዞ ይጸልያል። መስኮቶቹ ክፍት ናቸው። ንፋሱ ስስ መጋረጃዎቹን ወደ ውስጥ ይገፋቸዋል። ውጭ ጫጫታ ይሰማል፣ የአትክልት ቦታው ውስጥ የወታደር ሬሳ ተገኝቷል። ሌላ ሰው ስለ ሬሳው ይጨነቃል፣ እኔ አዲስ ኮፒ ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው መጋረጃዎቹን ነው።

የመጀመሪያው ኮፒዬ ላይ መጋረጃው ዝም ብሎ ነጭ ነው። እጥፋት የለው፣ ክር የለው፣ መስኮቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈ ይመስላል። ሁለተኛው ላይ እጥፋቱ መጣ። ሦስተኛው ላይ ጨርቅ ሆነ፤ ንፋሱ ሲያነሳው በውስጡ ብርሃን ሲያልፍ ይታያል፣ እናቴ ነጠላዋን አጥባ ገመድ ላይ ስታሰጣው ያለውን ዓይነት ነጭ። አራተኛው በጣም የተወራለት፣ በጣም ውዱ ነበር። እሱ ላይ መጋረጃው ሻይ ነክቶታል።

እና የቱ ነው ትክክል? ይሄ ጥያቄ ነው ገንዘቤን የጨረሰው።

አዲስ አበባ ሳድግ ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር፣ ፊልም ልንከራይ ስንሄድ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ክሊር ነው?» ክሊር ማለት ሲኒማ ቤት ውስጥ ሰው ተደብቆ በካሜራ ያልቀዳው፣ መሃል ላይ አንዱ ሽንት ቤት ሊሄድ ሲነሳ ጥላው የማያልፍበት ማለት ነው። ሌላ መስፈርት አልነበረንም። ልጁ «ኧረ ክሊር ነው» ካለ ተከራየን። ካልሆነ በማግስቱ ተመልሰን ተጨቃጨቅን። ይቺ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጣ ለዓመታት አሳስታኛለች። ጥሩ ኮፒ ማለት ጥርት ያለ፣ ንጹህ፣ ምንም የማይንቀጠቀጥበት ይመስለኝ ነበር።

ሮም ከመጣሁ በኋላ እሁድ ጠዋት ፖርታ ፖርቴዜ መሄድ ጀመርኩ። ረጅም የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው፤ ጫማ፣ መብራት፣ የተሰበረ ሬዲዮ፣ የሰው አያት ፎቶ ሳይቀር ይሸጣል። ዲቪዲ አንድ ዩሮ፣ ሁለት ዩሮ። ብዙዎቹ ድሮ ከጋዜጣና ከመጽሔት ጋር ይሸጡ የነበሩ ናቸው፣ ሰው ገዝቷቸው ሳያያቸው የሞተ ይመስለኛል፣ ፕላስቲካቸው እንኳ ያልተቀደደ አለ። ብዙዎቹ የሌላ አገር ሰብታይትል የላቸውም። ያላቸው መስማት ለተሳናቸው የተዘጋጀው የጣልያንኛው ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ጣልያንኛ የተማርኩት በር ሲንኳኳ «በር ይንኳኳል» ብሎ ከሚጽፍ ዲስክ ነው። አሁንም አንዳንዴ መንገድ ላይ ውሻ ሲጮህ ጽሑፉ በዓይኔ ይመጣል።

ሁለተኛውን ጋቶፓርዶ ያገኘሁት እዚያ ነው። ቤት ገብቼ አየሁት፣ ሲያልቅ የማጫወቻው ሰዓት 178 ደቂቃ ላይ ቆመ። ፊልሙ 186 ደቂቃ መሆኑን አንብቤያለሁ። ስምንት ደቂቃ ቆርጠውብኛል ብዬ ተናደድኩ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ሰደብኩ፣ የጎደለውን ፍለጋ ሁለት ምሽት ከሌላ ኮፒ ጋር ሳስተያይ ቆየሁ። ምንም አልጎደለም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚሄደው። የአውሮፓ ቴሌቪዥን፣ የእኛም ጭምር፣ በሰከንድ 25 ነው። ስለዚህ የአውሮፓን ዲቪዲ የሚሠሩት ሰዎች ፊልሙን ትንሽ አፍጥነው ያስገቡታል። አራት ከመቶ ነው። 186ቱን አስሉት፣ 178 ተኩል ይመጣል።

ሰው ሲራመድ አራት ከመቶ መፍጠኑን ዓይን አያውቅም። ጆሮ ግን ያውቃል፣ ድምፁ ሁሉ በትንሹ ይቀጥናል። መጨረሻ ላይ ያለው ትልቁ ግብዣ ላይ የሚጨፈርበት ቫልስ የቬርዲ ነው፤ ታትሞ ያልወጣ ስለነበር የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ ኒኖ ሮታ ነው ለፊልሙ ያዘጋጀው። እኔ ይሄን ዜማ በፈጠነው ኮፒ ደጋግሜ ሰምቼው ስለነበር ብሉ ሬይ (ከዲቪዲ የሚጠራው አዲሱ ዲስክ) ገዝቼ በትክክለኛው ፍጥነት ስሰማው አልወደድኩትም። ደከመብኝ። ባንዱ እንቅልፍ የመጣበት መሰለኝ። ትክክለኛው እሱ መሆኑን እያወቅኩ አንድ ሳምንት ያህል ከራሴ ጋር ተጣላሁ። መጀመሪያ ያየኸው ኮፒ እንደ እናት ቡና ነው፣ ቢያርም የሱን ጣዕም ነው የምትፈልገው።

በነገራችን ላይ ዲቪዲ ዓለምን በቁጥር ከፋፍሎ ነበር። አሜሪካ 1፣ አውሮፓና ግብፅ 2፣ እኛ ከሩሲያና ከህንድ ጋር 5። በሕጉ ከሮም የተላከ ዲስክ አዲስ አበባ መሥራት የለበትም። እኛ ቤት የነበረው የቻይና ማጫወቻ ግን ይሄን ሕግ አልሰማም፣ የሰጡትን ሁሉ ያጫውታል።

ወደ መጋረጃው ልመለስ። ጋቶፓርዶ የተቀረፀው ቴክኒራማ በሚባል ዘዴ ነው። ፊልሙ ካሜራው ውስጥ ከላይ ወደ ታች መሄዱ ቀርቶ በአግድም ይሄዳል፣ አንዱ ምስል የተለመደውን ቦታ እጥፍ ይይዛል። በፊልሙ ጠርዝ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ሲቆጠር የተለመደው ምስል አራት ቀዳዳ ነው፣ ይሄኛው ስምንት። ስለዚህ ኔጋቲቩ ላይ፣ ካሜራው ውስጥ ያለፈው ዋናው ፊልም ላይ ማለቴ ነው፣ የተቀመጠው ዝርዝር ብዙ ነው፤ የተጓዦቹ ልብስ ላይ ያለው አቧራ፣ የግብዣው ሻማ፣ የተዋናይቷ የክላውዲያ ካርዲናሌ ነጭ ቀሚስ። ይሄን ሁሉ ይዞ አሜሪካ ሲወጣ ድምፁ በእንግሊዝኛ ተተክቶ፣ ወደ 161 ደቂቃ ተቆርጦ፣ ቀለሙም በሌላ ዘዴ ታትሞ ነበር። ቪስኮንቲ የኔ አይደለም አለ። በ2010 ደግሞ የቦሎኛው ሲኒማቴክ (የፊልም ማኅደር ነው) እና የዳይሬክተሩ የስኮርሴዜ ፊልም ፋውንዴሽን ኦሪጅናል ኔጋቲቩን በ8ኬ፣ በጣም ከፍተኛ በሆነ ጥራት፣ ስካን አድርገው አሳደሱት፣ የቦርሳው ጉቺ ገንዘቡን ከፈለ፣ ካን ላይ ታየ። ሉካንዳ የሚያህል ቤት ውስጥ የምኖር ሰው ሆኜ የጉቺ ገንዘብ የደረሰኝ በዚያ መንገድ ብቻ ነው።

ካሜራማኑ ጁዜፔ ሮቱኖ ነበር። በ2004 አሜሪካ ውስጥ በዲቪዲ ሲወጣ ከፊልም ወደ ዲስክ ሲገለበጥ የተቆጣጠረው እሱ ራሱ ነው። እንግዲህ ያነሳው ሰው «ይሄ ነው» ካለ አለቀ አይደል? እኔም እንደዚያ እል ነበር። ግን ቪቶሪዮ ስቶራሮን እዩት፣ ከጣልያን ካሜራማኖች ሁሉ ምናልባት ስሙ በጣም የሚታወቀው። ካረጀ በኋላ ፊልም ሁሉ ወርዱ የቁመቱ ሁለት እጥፍ ይሁን የሚል እምነት ያዘው፣ እና የበርቶሉቺ «የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት» በ2008 በዲስክ ሲወጣ በሱ ፈቃድ ግራና ቀኙ ተቆርጦ ወጣ። ያነሳውም እሱ፣ የቆረጠውም እሱ። ከሃያ ዓመት በፊት የጻፍኩትን ደብዳቤ ዛሬ ብታስነብቡኝ እኔም ግማሹን እሰርዛለሁ፣ አልፈርድበትም። ግን ዲስኩን አልገዛሁትም።

ሌላ ምስክር ነበሩኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት የምንከባከባቸው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሲኞራ አሉ። ጋቶፓርዶን በወጣበት ዓመት ሮም ሲኒማ ቤት ገብተው አይተውታል። ይሄን ሲነግሩኝ ልቤ ዘለለ። ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ፣ አራተኛውን ከፈትኩላቸው።

«እንዲህ ቢጫ አልነበረም» አሉኝ።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስተኛውን ወሰድኩ።

«ይሄማ በረዶ ነው። ሲሲሊ መቼ እንዲህ ትበርዳለች?»

«ታዲያ ያኔ ምን ይመስል ነበር ሲኞራ?»

ትንሽ አሰቡና፣ ያኔማ ፊልሙን በደንብ አላየሁትም፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ነበር የማየው አሉኝ። ኋላ ባላቸው የሆኑት ሰውዬ እንደሆኑ ጠይቄ ነበር። አይደሉም። ጉዳዩን እዚያው ተውነው።

ሲኞራ ግን አንድ ነገር አስተማሩኝ። እኔ የከንፈሩና የድምፁ አለመግጠም እያበሳጨኝ «ይሄ ኮፒ ድምፁ ተዛንፏል» ስላቸው ሳቁብኝ። ተዋናዮቹን ቁጠር አሉኝ። ልዑሉ በርት ላንካስተር አሜሪካዊ ነው፣ አሊያን ዴሎን ፈረንሳዊ ነው፣ ክላውዲያ ካርዲናሌ ቱኒስ ተወልዳ ያደገች ነች። በጣልያንኛው ፊልም ሦስቱም የሚናገሩት በሌላ ሰው ድምፅ ነው። ካርዲናሌ ጣልያን ፊልም ላይ በራሷ ጎርናና ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማችው በዚያው ዓመት የፌሊኒ «8½» ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የጣልያን ፊልም ድምፅ ባብዛኛው የሚቀዳው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ነው፣ ተዋናዩ ጣልያናዊ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ አፍና ድምፅ ትንሽ ቢለያይ ዲስኩን አትውቀሱ። አብሮት የተወለደ ነው።

ኮፒ ስመዝን አሁን የምጠይቀው ይሄን ነው፦ ይሄ ጉድለት ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣው ነው ወይስ በኋላ ያገኘው ጠባሳ?

የሮሴሊኒን «ሮማ ቺታ አፔርታ» ውሰዱ፣ 1945። ጀርመኖቹ ከተማዋን ከለቀቁ ገና ብዙ ሳይቆይ የተቀረፀ ነው። ምስሉ አንዴ ይደምቃል፣ አንዴ ይደበዝዛል። ሲወራ የኖረው ፊልም ስላልነበረ ከየመንገዱ ፎቶ አንሺ ቁርጥራጭ እየለቃቀሙ ነው የሠሩት የሚል ነበር፣ እኔም ለሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የማወራው፣ ደስ የሚል ወሬ ነው። ኋላ ኦሪጅናል ኔጋቲቩ ሲመረመር የተገኘው ሦስት ዓይነት ፊልም ብቻ ነው፤ ለውጭው ፌራኒያ፣ ለቤት ውስጡ ሁለት ዓይነት አግፋ። መደብዘዙ የመጣው ላቦራቶሪ ውስጥ ሲታጠብ ነው፣ ሰዓቱ አንዴ በዝቶ አንዴ አንሶ። እንግዲህ ይሄን ሁሉ በኮምፒውተር አስተካክለን አንድ ዓይነት እናድርገው? የተወሰነውን አዎ። ሁሉንም ከሆነ ግን የ1945ቷን ሮም ቀለም ቀብቶ ማከራየት ነው።

ከዚህ የባሰው የቅንጣቱ ጉዳይ ነው። ግሬይን የሚሉት፣ ምስሉ ላይ እንደ ጤፍ የሚንቀሳቀሰው ነገር። የፖንቴኮርቮን «የአልጀርስ ውጊያ» (1966) ያየ ሰው ያውቀዋል። አልጀርስ ውስጥ፣ ካዝባ በሚሉት አሮጌ ሰፈር፣ ባብዛኛው ተዋናይ ባልሆኑ ሰዎች የተሠራ ፊልም ነው። ዜና እንዲመስል ስለፈለጉ ፖንቴኮርቮና ካሜራማኑ ማርቼሎ ጋቲ ምስሉን ከኮፒ ላይ ሌላ ኔጋቲቭ እያወጡ ሆነ ብለው አሻከሩት። ተሳክቶላቸዋል፤ አሜሪካ ሲታይ አንድ ጫማ ርዝመት ያህል እንኳ የዜና ፊልም አልገባበትም የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበት ነበር። እኔ ታዲያ ይሄን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት አንድ ርካሽ ዲስክ ላይ ነው፣ ስሙን ልተወው፣ ቅንጣቱ በሙሉ ተጠርጎ። በጣም ክሊር ነበር። የሰዎቹ ፊት ሰም ነው። የአሮጊቶቹ መጨማደድ የለም፣ ግድግዳው ልስን የተቀባ ይመስላል። «እንዴት ያለ ጥራት!» ብዬ ለሰው ሁሉ አሳየሁ። ትዝ ሲለኝ አሁንም አፍራለሁ።

ደግሞ ዲስኩ ደህና ሆኖ ቲቪው የሚያበላሽበት አለ። አዲስ ቲቪ የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንና «ኖይዝ» የሚቀንሰውን ማጥፋት ነው። አለበለዚያ ትልቁ የጣልያን ተዋናይ ማስትሮያኒ የከሰዓት ተከታታይ ድራማ ተዋናይ ይመስላል። ጓደኞቼ ቤት ስጠራ ሪሞቱን ይደብቁብኛል።

ስለ ቢጫው የተጀመረው ጭቅጭቅ የኔ ብቻ አይደለም። አባቶቻችን «ካውቦይ» ብለው ያዩት የሰርጂዮ ሌዮኔ «ጥሩው፣ መጥፎው፣ አስቀያሚው» በ2014 በ4ኬ ታድሶ ሲመጣ ሰማዩም፣ ሸሚዙም፣ የኢስትውድ ጥርስም ቢጫ ነው ተብሎ ሰብሳቢው ሁሉ ተንጫጫ። በ2017 አሜሪካ ውስጥ ቢጫውን ቀንሰው እንደገና አወጡት። ያ ፊልም የቴክኒራማ ተቃራኒ ነው፣ ቴክኒስኮፕ ይባላል፣ አንዱ ምስል ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ፊልም ለመቆጠብ። ስለዚህ ቅንጣቱ ትልልቅ ቢሆን ማንም ማማረር የለበትም። ሰማዩ ግን፣ የስፔን በረሃ ሰማይ እኮ ነው። ስፔን ሄጄ አላውቅም፣ ሰማይ ግን አይቻለሁ።

ስለ ቀለም እንዲህ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ እንጂ እነዚህን ፊልሞች ከጣልያኖች ጋር እኩል አላያቸውም። «ላ ዶልቼ ቪታ»ን ከፌሊኒ ጋር ከጻፉት አንዱ ኤንዮ ፍላያኖ ነው። ይሄ ሰው በ1928 ዓ.ም. (ይሄ በእኛ ነው) አገራችንን በወረረው ጦር ውስጥ መኮንን ነበር። ኋላ ስለዚያ ጊዜ ልብ ወለድ ጻፈ፣ ወራሪውን የሚያስመሰግን መጽሐፍ አይደለም። ፊልሙን ሳይ ይሄ ከአእምሮዬ አይጠፋም፣ ግን ፊልሙን አላቆመውም። የሚያቆመኝ ሌላ ነው። የጣልያን መንግሥት የፊልም ድርጅት የነበረው የሉቼ ተቋም በዚያ ዘመን የቀረፃቸው የዜና ፊልሞች ኢንተርኔት ላይ አሉ። አንድ ማታ የፌሊኒ ነገር ስፈልግ እዚያ ገባሁ፣ ሳላስበው አዲስ አበባን ሳይ ነጋ። ባሕር ዛፉ፣ ጭቃው፣ ነጠላ የለበሰው ሕዝብ። ተራኪው የሚለው ሁሉ ፕሮፓጋንዳ ነው፣ ድምፁን ዘጋሁት። እና እዚያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለ ድምፅ ቁጭ ብዬ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ኔጋቲቩ እንዴት ደህና ተቀምጧል አልኩ። ነጠላው ነጭ ነው፣ እጥፋቱ ይታያል።

የእኛው የመጀመሪያ ረጅም ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው» 1957 ዓ.ም. ነው፣ ከጋቶፓርዶ ሁለት ዓመት ያህል ቢዘገይ ነው። በጥሩ ኮፒ ያየ ሰው አላውቅም። በማንኛውም ኮፒ ያየ ሰው ራሱ ስንት ነው? እኔ በአራት ዲስክ መሃል ያለውን የመጋረጃ ቀለም ስመዝን ይሄን ሳስብ ትንሽ ሆዴን ይለኛል።

አራተኛውን ለማንኛውም አልሸጥኩትም። ቢጫነቱን ለመድኩት ማለት አይደለም፤ የግብዣው ክፍል ላይ፣ ሻማው ውስጥ፣ ያ ሙቀት ያምርበታል። መጋረጃውን በሦስተኛው፣ ጭፈራውን በአራተኛው አያለሁ። አዎ፣ መሃል ላይ ተነስቼ ዲስክ እቀይራለሁ።

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ያለው አብሮ አደጌ ደወለ። ስለ ጋቶፓርዶ ለዓመታት ስለነተረክሁት ቴሌግራም ላይ አግኝቶት አውርዶታል፣ ከማየቱ በፊት ግን ይጠይቀኛል። የፋይሉን ስም ላከልኝ፣ የትኛው ኮፒ እንደሆነ ከስሙ አወቅኩ።

«ክሊር ነው?» አለኝ።

ስለ ቴክኒራማ፣ ስለ 25 ምስሉ፣ ስለ ሻዩ ረጅም መልእክት ጻፍኩ። አጠፋሁት። «ክሊር ነው» ብዬ ላክሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ግማሹን ታክሲ ውስጥ በስልኩ እንዳየ ጻፈልኝ። ውሻው ደስ ይላል አለ።

«መጋረጃውስ?»

«የቱ መጋረጃ?»